ሽቦ፣ ወንጭፍና አምስት ዋት

ውጭ አገር ያለ ልጅ ሲደውል ስልኩን ይዘው የሚጮኹ አባቶች ዛሬም አልጠፉም። ልጁ ያለው አዳማ ከሆነ በመጠኑ፣ ዋሽንግተን ከሆነ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ። ርቀቱን የሚሸፍነው ቴሌ ሳይሆን የእርሳቸው ሳንባ ይመስላቸዋል። በሬዲዮ እርስ በርስ በሚነጋገሩ አማተሮች መካከልም እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሞልተዋል። የተሰሙ ካልመሰላቸው ከ100 ዋት ወደ 500፣ ከ500 ወደ 1,500 ይወጣሉ። 1,500 ዋት የአሜሪካ ሕግ ለአማተር የሚፈቅደው ጣሪያ ነው። በዚያ ኃይል እንጀራ ባይጋገርም ሻይ በደንብ ይፈላል።

ከእነርሱ ማዶ ግን ሌላ ዓይነት ሰው አለ። በሞርስ ኮድ ሲልክ ከ5 ዋት፣ በድምፅ ሲናገር ከ10 ዋት አልፍም ብሎ በገዛ ፈቃዱ የማለ ሰው ነው። 5 ዋት አሮጌ የስልክ ቻርጀር የሚሰጠው ኃይል ነው። በዚህች ኃይል ከኒውዮርክ ጣሊያን፣ ከለንደን ብራዚል እየተጣራ ያመሻል፤ መልስ ያገኘ ሌሊት ሚስቱን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ይነግራታል። እርሷም «ስልክ የለህም እንዴ?» ብላ ትገላበጣለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። የአነስተኛ ኃይል አማተሮች ለዚህ ጥያቄ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኙለትም።

ነገሩ እብደት የሚመስለው ሒሳቡን ላልሠራ ሰው ነው። የሬዲዮ ምልክት ጥንካሬ ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ይለካል፤ አንዲት ደረጃ ከፍ ለማለት ኃይልን አራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ100 ዋት የሚልክ ሰው ወደ 5 ዋት ሲወርድ ኃይሉ በ20 እጥፍ ቢቀንስም፣ ባሕር ማዶ ያለው አድማጭ መለኪያው ላይ የሚያየው የሁለት ደረጃ ገደማ ቅናሽ ብቻ ነው። 8 የነበረው 6 ሆነ ማለት ነው። 6 ደግሞ በደንብ ይሰማል። ወደ ላይ ለመውጣትም ሒሳቡ ያው ነው፤ ከ100 ወደ 1,500 ዋት መድረስ የሚጨምረው ሁለት ደረጃ እንኳ አይሞላም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው የኃይል ማጉያ ግን ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ማጉያ ገዝቶ ለሚስቱ የነገራት ባል ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ዋጋውን በትክክል የነገራት ግን ብዙ አይመስልም።

ቁጠባው ሁሌም እንዲህ የጠበቀ አልነበረም። በ1961 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው የአነስተኛ ኃይል አማተሮች ክበብ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ ላይ «አነስተኛ» ያለው ከ100 ዋት ያልበለጠውን ነበር። ዛሬ 100 ዋት የተራው አማተር የዘወትር ኃይል ነው። ትራንዚስተር ገበያውን ሲሞላና ዕቃው እያነሰ ሲሄድ ውድድሩ ወደ ታች ዞረ። ይኸው ክበብ በአንድ ዋት ሒሳብ 1,000 ማይል ለሄደ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በ5 ዋት 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የተሻገረ ሰው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር ይህን ልማድ የመሩት ቄስ ነበሩ። ጆርጅ ዶብስ ይባላሉ፤ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በ1972 ትራንዚስተር ሬዲዮ መሥራትን ለልጆች የሚያስተምር ቀጭን መጽሐፍ አሳተሙ። ሥራው ብየዳ እንኳ አያስፈልገውም፤ ክፍሎቹ ጣውላ ላይ በቡሎን እየተያዙ ይገናኛሉ። በዚያ መጽሐፍ ተጀምሮ መሐንዲስ ሆኖ የቀረ እንግሊዛዊ ብዙ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የአነስተኛ ኃይል ክበብ አቋቋሙ፤ መጽሔቱንም በትንሽ ዓሣ ስም «ስፕራት» አሉት። ጥቃቅን የሬዲዮ ንድፎችን በትጋት ሲያሳትሙ ኖረው በ2019 አረፉ። መንጋቸውን በስብከት፣ አማተሮቹን በመበየጃ ብረት የጠበቁ ሰው ነበሩ።

አሜሪካም የራሷ ዓሣ አላት። በግንቦት 1976 ዳግ ዲሞ የተባለ ታዋቂ የሬዲዮ ጸሐፊ በአማተሮች መጽሔት ላይ ሁለት ትራንዚስተር ብቻ ያላት ማስተላለፊያ አስተዋወቀ። የተሠራችው በቱና ቆርቆሮ ላይ ነበር። የምትሰጠው ኃይል የአንድ ዋት ሲሶ ገደማ ቢሆንም ስንት ሰው እንደሠራት ተቆጥሮ አያልቅም። መመሪያው ቱናውን ማን እንደሚበላ ባይናገርም፣ በየቤቱ ያ ሰሞን ምሳው ምን እንደነበረ መገመት አያስቸግርም። ዋናዋ ቆርቆሮ ራሷ የት እንደገባች ሳይታወቅ ኖራ፣ ከዓመታት በኋላ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ጠረጴዛ ሥር ከተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ተገኘች። ከእርሷ ወዲህ የሚንት ከረሜላ ቆርቆሮም ለዚሁ ሥራ ታጭቷል፤ ሬዲዮ፣ ባትሪና የሞርስ ቁልፍ ይዞ ኪስ ይገባል።

ሬዲዮው ኪስ ይገባል፤ አንቴናው ግን አይገባም። የቤት ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አማተሮች ብዙ በሚጠቀሙበት በ7 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ግማሽ ሞገድ ርዝመት ያለው ሽቦ ወደ 20 ሜትር ይደርሳል። በ14 ሜጋ ኸርዝ 10 ሜትር ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 142.5ን በሜጋ ኸርዙ ማካፈል ነው። 20 ሜትር ሽቦ ደግሞ አፓርታማ ውስጥ አይዘረጋም፤ ከፍ ብሎ ከተዘረጋም ሰው ያየዋል። ኃይል የቀነሰ ሰው ሽቦውን ማሳመር ግዴታው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አንጋጦ ዛፍና ጣሪያ ሲያይ ይውላል። ጎረቤት ሌባ ነው ብሎ ቢጠረጥረው አይፈረድበትም። ጥርጣሬውን የሚያባብሰው ደግሞ ወንጭፉ ነው። ሽቦን ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ለመስቀል ቀላሉ ዘዴ ቀጭን ሲባጎ ላይ ክብደት አስሮ በወንጭፍ መወርወር ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ ጡረተኛ በመናፈሻ መካከል ወንጭፍ ወጥሮ መታየት በአማተሮች ዘንድ የተለመደ ነው። ለአላፊ አግዳሚ ማስረዳቱ ግን ከባድ ነው። ወንጭፍ የማይሆንለት የሚዘረጋ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገዝቶ ሽቦውን ይጠመጥምበታል፤ ውኃ በሌለበት ሜዳ ላይ ዘንግ ተክሎ ይቀመጣል። ይህም ለማስረዳት አይቀልም።

አሜሪካ ውስጥ ችግሩ ሕጋዊ መልክም አለው። ብዙ መንደሮች የሚተዳደሩት በቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ የሣሩን ቁመትና የበሩን ቀለም ሲቆጣጠር አንቴናን በዝምታ አያልፍም። የፌዴራል ደንብ ለቴሌቪዥን ዲሽ መብት ሰጥቷል፤ የአማተር አንቴና ግን በዚያ ጥላ ሥር አልገባም። እዚህ ላይ የአማተሩ ብልጠት ይታያል። በ2006 የወጣ ሕግ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነዋሪውን የአሜሪካን ባንዲራ እንዳይሰቅል መከልከል አይችልም ይላል። ስለዚህ በውስጡ አንቴና የተደበቀ የባንዲራ ምሰሶ ይሸጣል። አባወራው ጠዋት ባንዲራውን ሰቅሎ ሲቆም ጎረቤቱ አገሩን እንዴት ቢወድ ነው ብሎ ይገረማል፤ እርሱ ግን ጃፓንን እየሰማ ነው። ባንዲራ የማይወድ ዝናብ የሚወርድበትን የጣሪያ አሸንዳ ራሱን አንቴና ያደርጋል። ሌላው ከጣሪያ ሥር ከኮርኒስ በላይ ሽቦውን ያጥፋል።

ኮርኒሱ ጠባብ ከሆነ የልጆች መጫወቻ አለ። ደረጃ ለደረጃ እየተገለባበጠ የሚወርደው የብረት ጥቅል፣ ስሊንኪ የሚባለው፣ ከ1945 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ነው። ሲፈታ 20 ሜትር ገደማ ሽቦ ይወጣዋል፤ ተጠቅልሎ ግን መዳፍ ላይ ይቀመጣል። የአሜሪካ ወታደሮች በቬትናም ጦርነት ጊዜ ዛፍ ላይ እየወረወሩ አንቴና አድርገውታል። የቤት አማተር ሁለት ገዝቶ በገመድ ላይ እያንሸራተተ ከግድግዳ ግድግዳ ይወጥራቸዋል። ልጁ «መጫወቻዬ የት ሄደ?» ብሎ ሲያለቅስ ሦስተኛ መግዛት ነው፤ ዋጋው ከማጉያ ጋር አይወዳደርም።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን የዛፉ ነገር ነው። በ1904 ጆርጅ ስኳየር የተባለ የአሜሪካ ጦር መኮንን ካሊፎርኒያ ውስጥ ባህር ዛፍ ግንድ ላይ ሚስማር መትቶ፣ ሽቦ አያይዞ ሬዲዮ ሞከረ። ሠራለት። በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአውሮፓ የሚላክ ምልክት በዛፍ በኩል ይቀበል ነበር። ሰውየው የሠራዊቱ የመገናኛ ዋና አዛዥ እስከመሆን ደርሷል፤ በዕድሜው መጨረሻ ደግሞ በየሱቁና በየአሳንሰሩ ሲንቆረቆር የኖረውን ለስላሳ ሙዚቃ ያሰራጭ የነበረውን ሙዛክን ፈጠረ። የዛፉን ሐሳብ ይዞ ቢቀጥል ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። ለማንኛውም አዲስ አበባና አካባቢዋ ይህን የባህር ዛፍ ብዛት ይዘው ሳያውቁት ማንም ያልነካው አንቴና ላይ ተቀምጠዋል ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ እርጥብ ዛፍ ብዙ ኃይል ቢበላና ተራ ሽቦ ቢበልጠውም።

የልብስ ማድረቂያ ሽቦም ተሞክሯል፤ ጥሩ ይሠራል። እንከኑ ልብስ የሚሰጣበት መሆኑ ነው። እርጥብ ብርድ ልብስ ሲሰጣበት ሽቦው የሚስማማበት ሞገድ ይዛወራል፤ ሲደርቅ ደግሞ ቀስ እያለ ይመለሳል። ባልየው በመስኮት እየተመለከተ «ይህን ልብስ ዛሬ ማጠብ ግድ ነበር?» ሲል የሚደርስበትን አንባቢ ይገምተው። ቦታ ጨርሶ የሌለው ሰው አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመዳብ ቀለበት ሠርቶ፣ አንዳንዴም የልጆችን የወገብ ማሽከርከሪያ ቀለበት ተውሶ ሽቦ ጠቅልሎበት፣ ሳሎን ውስጥ ያቆመዋል። ይህ ቀለበት ለትንሽነቱ ብዙ ይሠራል፤ ግን አመል አለው። ሞገዱን ትንሽ ፈቀቅ ባደረጉ ቁጥር ከቀለበቱ ጋር የተያያዘውን ካፓሲተር እያዞሩ እንደገና ማስተካከል ይጠይቃል፤ በካፓሲተሩ ላይ የሚፈጠረው ቮልትም በ100 ዋት ብዙ ሺህ ይደርሳል። በ5 ዋት እንኳ ጣት ያቃጥላል። ድመት ያለበት ቤት ይጠንቀቅ።

ይህ ሁሉ ሽቦ የሚያገለግለው ምልክቱን ወደ ሰማይ ለማድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የፀሐይ ነው። ከምድር በላይ ከ200 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ላይ የፀሐይ ጨረር አየሩን ኤሌክትሪክ ያሸክመዋል፤ አጭር ሞገድ ወደዚያ ይወጣና ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል፤ ምድርም መልሳ ትሰደዋለች። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ትበረታለች፣ ትዳከማለች። በበረታችባቸው ዓመታት 5 ዋት አይደለም፣ ከዚያ በብዙ ያነሰው ውቅያኖስ ይሻገራል። በደከመችባቸው ዓመታት ኪሎ ዋት የያዘውም ራሱን ይነቀንቃል። በ1970 በአላስካና በኦሪገን መካከል ሁለት አማተሮች ኃይላቸውን እየቀነሱ፣ እየቀነሱ፣ አንድ ማይክሮዋት ላይ ደረሱ፤ የአንድ ዋት አንድ ሚሊዮንኛ። ከ2,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ተሰማ። በአንድ ዋት ሒሳብ ሲባዛ ከ1.6 ቢሊዮን ማይል በላይ ይመጣል። የምስክር ወረቀቱ ሰጪዎች ምን እንዳሉ መገመት ነው።

ማይክሮዋቱ የዕድል ጉዳይ ነው ለሚል ሰው ደግሞ ጆ ቴይለር አለ። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው፤ በ1974 ከተማሪው ከራስል ሀልስ ጋር ጥንድ ከዋክብት ውስጥ ያለ ፐልሳር (በየቅጽበቱ የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ኮከብ) አግኝቶ በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ከልጅነቱ ጀምሮም አማተር ነው። ከሰማይ ጥግ የሚመጣ ደካማ ምልክትን ከጫጫታ መሐል ማውጣት ሥራው ስለነበር ያንኑ ጥበብ ለአማተሮች አመጣው። በ2008 ያወጣው ፕሮግራም የላኪውን መጠሪያ፣ ያለበትን ቦታና የሚልክበትን ኃይል ብቻ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ይልካል። የሰው ጆሮ ጨርሶ የማይሰማውን ምልክት ኮምፒውተር ያነበዋል። 200 ሚሊዋት የሚልክ ሳጥን አብርቶ የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ አውስትራሊያ መሰማቱን ኮምፒውተሩ ላይ ያያል። ወግ የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ያኮርፋል፤ ምክንያቱም ጨዋታው ሁሉ «ሰማሁህ» የሚል ብቻ ነው፤ ሰላምታ እንኳ የለም።

ከዚህ ጥበብ ነው ፊኛዎቹ የተነሡት። የልደት ግብዣ ማድመቂያ በሚመስል የፎይል ፊኛ ላይ ክብደቱ ጥቂት ግራም የሆነ ማስተላለፊያና ትናንሽ የፀሐይ ሰሌዳዎች ያስሩና ይለቁታል፤ ኃይሉ ከአንድ ዋት መቶኛ ብዙም አይርቅም። 12 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ዓለምን ይዞራል። ሰሜን ኢሊኖይ ያሉ ፊኛ ወዳጆች በጥቅምት 2022 የለቀቁት አንዱ ስድስት ጊዜ ዞሮ ሰባተኛውን ጀምሮ ነበር። በየካቲት 2023 መጀመሪያ ላይ አላስካ አጠገብ ሳለ ድምፁ ጠፋ። በማግሥቱ የአሜሪካ ኤፍ 22 ተዋጊ አውሮፕላን በካናዳ ዩኮን ሰማይ ላይ ያልታወቀ በራሪ አካል በሚሳኤል መታ። ያን ሰሞን የአሜሪካን ሰማይ ያቋረጠ የቻይና ፊኛ ሁሉንም አስደንብሮ ነበር። የተመታው የፊኛ ወዳጆቹ ንብረት ይሁን አይሁን ያረጋገጠ የለም፤ ፍርስራሹም አልተገኘም። ሚሳኤሉ ግን ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል፤ የዚያ ዓይነት ፊኛ ከ12 ዶላር ጀምሮ ይሸጣል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ወሬ ባዕድ አይደለችም። ከ1963 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የነበረው የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ 100 ኪሎ ዋት የሚወጣቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማስተላለፊያዎች ነበሩት። አንዱ ብቻ የአማተሩ 5 ዋት 20,000 እጥፍ ነበር። በ1977 መንግሥት እስኪወርሰው ድረስ ወደ እስያና መካከለኛው ምሥራቅ ጭምር ይሰማ ነበር። በተቀባዩ በኩል ግን ሕዝቡ ሁሉ ሳያውቀው አንቴና ሞካሪ ነበር። የሬዲዮው ዘንግ ሲሰበር የልብስ መስቀያ ሽቦ ይሰካል፤ ጣቢያው ሲሸሽ ሽቦ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ይታሰራል፤ አንድ ልጅ ሬዲዮውን ይዞ ቤት ውስጥ ሲዞር ቤተሰቡ «እዚያ! እዚያ ቁም!» ይላል። በዶይቸ ቬለና በአሜሪካ ድምፅ ሰዓት ያ ልጅ እስከ ዜናው ፍጻሜ አንድ እግሩን አንሥቶ የቆመበት ቤት ጥቂት አይደለም። በፊዚክስ ሲታይም ትክክል ነበሩ፤ የልጁም ገላ የአንቴናው አካል ሆኗልና።

አማተሩን በተመለከተ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ግቢ የኢትዮጵያ አማተሮች ማኅበር ጣቢያ አለ፤ መጠሪያው ኢቲ 3 ኤኤ ነው። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ምልክት በዓለም ብርቅ ስለሆነ፣ ከዚያ ጣቢያ የሚጠራ ሰው በኃይሉ ትንሽነት አይጨነቅም፤ ጭንቀቱ በአንድ ጊዜ ከሚመልሱለት መቶዎች መካከል የማንን ልስማ የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ ሌላም ጸጋ አላት። የዛሬ ዘመን አማተር ትልቁ ጠላቱ ርቀት አይደለም፤ ቤቱ ነው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ ኢንቨርተር፣ የኢንተርኔት ሳጥን፣ ሁሉም በአጭር ሞገድ ላይ ሲያንጫጩ ያድራሉ። አውሮፓ ያለ አማተር ደካማ ምልክት ለመስማት የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ሲነቅል ያመሻል፤ ማቀዝቀዣውን የነቀለ ቀን ወጥ ይበላሻል፣ ትዳርም ይናጋል። እዚህ ግን መብራት ሲሄድ ሰፈሩ በሙሉ በአንዴ ይነቀላል። ጎረቤት ሻማ እየፈለገ ሲያማርር፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ የያዘ ሰው የመለኪያው መርፌ ወደ ዜሮ ስትወርድ ያያል። በዚያ ሰዓት ደስ ብሎት መታየት ግን ከሰፈር ሰው ጋር ስለሚያጣላ ፊቱን ማጨፍገግ ይኖርበታል።

መሞከር ለሚሻ አንባቢ ጥቂት ነገር። ለማስተላለፍ፣ አምስት ዋትም ብትሆን፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ መስማት ይልመዱ። 10 ሜትር የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ ከሰገነት ወደ ዛፍ ይዘርጉና ጫፉን በአሮጌው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዘንግ ላይ ይያዙት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያዳምጡ። ሽቦው ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም ሆነ በታች እንዳያልፍ፣ ቢበጠስ እንኳ ሊነካው እንዳይችል ያርቁት። ክረምት ሲገባና ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ከሬዲዮው ነቅለው ጫፉን ከቤት ውጭ ያሳድሩት።